ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ መሐል ሜዳ የታመመ የድሮ ባልደረባዬን ልጠይቅ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞላሌ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማውም አየር እንደሌለው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። "አባቶች፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ታገሡኝ" አለና ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታው ሄደ። የቀረነው በየፊናችን ተበተንን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ የመንዝ የታኅሣሥ ፀሐይ ግን ታበራለች እንጂ አታሞቅም። እጄን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ በገበያው ዳር ስሄድ የተጠበሰ ዓሣ ሸተተኝ፤ በዘይት የተጠበሰ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የነካው። ይህ ሽታ ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን በዚያ ደጋ፣ በዚያ ወር፣ ዓሣ የሸተተኝ ሥራ በያዝኩባቸው ሁለት ዓመታት ብቻ ነበር። እግሬ ሽታውን ተከትሎ ሄደ።

በላስቲክ የተሸፈነች ትንሽ ዳስ ናት። ውስጧ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ሰፊ መጥበሻ። ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ዓሣ ታገላብጣለች። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ዳሷ ሞልታለች፤ ሾፌሮች፣ አስተማሪዎች፣ የመንገድ ሥራ ልጆች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ገበያተኛው ግን መልሱን ሳይጠብቅ ይበላል። "ዓሣው ከየት ነው?" አልኳት። "ከባሕሩ ነዋ፤ ማኅበር ያላቸው ልጆች ናቸው የሚያመጡት" አለች ቀና ሳትል። በዚያ አገር "ባሕሩ" የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ቀና አለች፤ ማገላበጫውን እንደያዘች ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

"ብርድ ጸሐፊው አይደሉም እንዴ?" አለች።

በዚህ ስም ከተጠራሁ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሴትየዋ ጌጤ ነበረች፣ የዓሣ አጥማጁ የጋሽ ይመር ልጅ። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ትከሻዬን ይዛ ሳመችኝ፤ አንዱን ሾፌር አስነሥታ በቦታው አስቀመጠችኝ። ለተቀመጡት ሰዎችም፣ "አባቴ ውሃ ውስጥ የወደቀ ጊዜ ገመዱን ይዞ ያወጣን ይሄ ሰው ነው" አለቻቸው። ሰዎቹ በአክብሮት ተመለከቱኝ። አንገቴን ደፋሁ።

"ብርድ ጸሐፊ" ያሉኝ በባሕሩ ዙሪያ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ቀጠረኝና ሌላ ማንም ሊሄድ ያልፈለገበት ቦታ ላከኝ። ሥራዬ ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተራራ ሥር በተኛ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ዝናቡን መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ስደርስ የለበስኩት ቤልቦተም ሱሪና ባለ አበባ ሸሚዝ ነበር፤ ጸጉሬ አፍሮ፣ የጫማዬ ተረከዝ አራት ጣት። የመንደሩ ውሻ ሁሉ እስከ ቤቴ ድረስ እየጮኸ ሸኘኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስት ሸሚዝ ደርቤ አሳለፍኩ። በሳምንቱ መሐል ሜዳ ገበያ ወጥቼ ጥቁር በርኖስ ገዛሁ፤ ሻጩ አሥራ ስምንት ብር ብሎኝ ተከራክሬ በአሥራ አምስት። የበግ ሽታ ገና ያልለቀቀው በርኖስ ነበር፣ ዝናብ ሲነካው እንደ በግ ይጮኻል ማለት ይቻላል። ያን ለብሼ የተመለስኩ ቀን ውሾቹ ዝም አሉኝ።

ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ስወጣ ማረፊያዬ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ከአምባሻ ጋር ሃያ አምስት። ባለቤቷ ራዲዮ ነበራት፤ ባትሪው ሲደክም አውጥታ የመስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ተመልሶ ሁለት ሦስት ዘፈን ያዘፍናል። እሑድ እሑድ የምርጫ ዘፈን ሲመጣ፣ ሻይ የማይገዛው ወጣት ሁሉ ውጭ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያዳምጣል፤ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆም ይላሉ። ባለቤቷ ይህን ስለምታውቅ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። አሁን ያ ማዕዘን ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፣ የስልክ ካርድና ሽፋን ይሸጥበታል። ወፍጮ ቤቱ ግን አለ፤ ድምፁም ያው ነው።

ሐይቁ ትልቅ አይደለም። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በሁለት ሰዓት ይዞረዋል። በሰሜን በኩል ጥቁር ገደል፣ በደቡብ ፊላ የበቀለበት ረግረግ፣ በምሥራቅ ተራራው ተሰንጥቆ ወደ ይፋት ቆላ የሚያይበት በር አለው። ጉሙ በዚያ በር ይገባል፣ ነፋሱም በዚያ ይገባል። ዓሣው ያገሩ አልነበረም፤ ከእኔ በፊት አንድ ባለሙያ በበርሜል አምጥቶ ጨምሮት ተራብቷል ይባል ነበር። ጢም ያለው፣ ቅርፊቱ እንደ ብር ሳንቲም የሚሰፋ ዓሣ ነው። ያገሩ ሰው "የውሃ እባብ" እያለ አይነካውም። የሚይዙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ይመር ከወሎ፣ ከሐይቅ ዳር የመጡ፣ የመንዝ ሴት አግብተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋሉ። ቀጭን፣ እጀ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። ታንኳቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ፊላ አጭደው ያደርቁና በጓሳ ሣር ገመድ ጠፍረው ያስሩታል። የመረባቸው ተንሳፋፊ ትንንሽ ቅል፣ ማስመጫው ድንጋይ። መረብ ሲጠግኑ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራሉ፤ ግጥሙን ለሌላ ሰው አያሰሙም፣ እኔ ስጠጋ ዜማው ብቻ ይቀራል። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ዓሣውን በእርጥብ ሣር ጠቅልለው ቀየት ይወስዱታል። ትልቁ ዓሣ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ የሚገዛውም መንግሥት ሠራተኛና መንገደኛ። ጌጤ አንድ ልጃቸው ናት፣ ያኔ ሃያ ዓመት ይሆናታል። መረብ መጠገን ከአባቷ ትፈጥናለች።

የእኔ መሣሪያ ከሐይቁ ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ የቆመ፣ እንደ መስኮት መዝጊያ የተሰነጣጠቀ ነጭ ሣጥን ነበር። ውስጡ ቴርሞሜትሮች፣ ከጎኑ በእንጨት ላይ የነፋስ መለኪያ። የመጀመሪያው ጥቅምት ላይ ውርጭ ባቄላውን ሲያቃጥለው አንድ ገበሬ መጥቶ፣ "አንተ ስለምትጽፈው ነው እንዲህ የሚመጣብን" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በማግስቱ ሌሎች አራት ሰዎች ይዞ መጣ። ሣጥኑን ነቅለው ሊጥሉት ነበር። ጋሽ ይመር ከባሕሩ ዳር ወጡና፣ "ይሄ ልጅ ከመወለዱ በፊት ባቄላ ተቃጥሎባችሁ አያውቅም?" አሏቸው። ሰዎቹ ሲያስቡት ተቃጥሎባቸው ያውቃል። ሄዱ። ስሙ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ከጋሽ ይመር ጋር ወዳጅ ሆንን። ስለ ባሕሩ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ መጽሐፍ ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ዓሣ አያወራም። በበጋው ብርድ ዓሣ እንደማይሞት፣ ግን ወደ ጥልቁ ወርዶ እንደሚተኛ ነገሩኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ያደረበት ሌሊት ለጠዋት አመዳይ ያወርዳል፤ ያን ቀን መረብ መጣል ትርፉ እጅ ማድረቅ ነው። ጉም አድሮ ከሆነ ብርዱ ይላላል፤ ዓሣው ማለዳ ተነሥቶ በፊላው ሥር ይንቀሳቀሳል። በአዘቦት ቀን ግን ፀሐይ በገደሉ ሥር ያለውን ድንጋይ እስክታሞቅ መጠበቅ ነው፤ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሙቀቱን ፍለጋ ወደዚያ ይመጣሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የዓሣ አጥማጅ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ቆላው ይግልና በምሥራቁ በር ነፋስ ይነሣል፤ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ወደ ውሃው ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ጋሽ ይመር ውሃ ላይ አይገኙም። ይህ ሕጋቸው ነበር። ጠዋት የእጃቸውን ጀርባ ውሃው ውስጥ አግብተው ጥቂት ያቆዩና "ተኝተዋል" ወይም "ነቅተዋል" ይላሉ። እኔ የውሃ ቴርሞሜትሬን በገመድ አወርዳለሁ። ወሩን ሙሉ አስተያየሁት፤ እጃቸው አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይህንም መዝገቡ ግርጌ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኳን ከፍታ የመሐል ሜዳን የነገ ብርድ ትነግረኛለች። ጥሩ ነው፤ ስልኩ ግን ዓሣው መንቃቱን አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ጠና። ስምንት ቀን ሙሉ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልታየችም። ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት ቴርሞሜትሩን ከዜሮ በታች ወርዶ አገኘዋለሁ። የሐይቁ ዳር እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ይይዛል፤ በጎች ሊጠጡ ሲመጡ በሰኮናቸው ይሰብሩታል። የጋሽ ይመር መረብ ከውሃው ወጥቶ ሣሩ ላይ ሲዘረጋ ደርቆ እንደ ቆዳ ይቆማል። ውስጡ ምንም የለም። "ተኝተዋል" ይላሉ፤ ነገም ያንኑ። በዚህ መካከል ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ጣቢያውንና ሐይቁን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ደብዳቤ ደረሰኝ። እኔ ደግሞ በሪፖርቴ ላይ በብርድ ወራትም ዓሣ እንደሚያዝ አሳምሬ ጽፌ ነበር። ጊዜያዊ ሠራተኛ ነኝ፤ ቋሚ ልሁን አልሁን የሚወስኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ የተባሉት ላንድሮቨራቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሱ። የጠዋቱ መረብ ባዶ ነበር። አንደኛው ካፖርቱን ሳይፈታ ውሃውን አየና፣ "ታዲያ ዓሣው የታለ?" አለኝ። አሁን ይመጣል ብዬ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ጋሽ ይመር ብቻቸውን ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

"ጋሽ ይመር፣ እንግዶቹ መጥተዋል። አንድ ጊዜ ይግቡልኝ።"

ውሃውን አዩት። "አሁን የሰው ሰዓት አይደለም" አሉ። "ነገ አራት ሰዓት ይምጡ፤ ከገደሉ ሥር አንድ ሁለት አይጠፋም።"

"ነገ አይኖሩም። አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳሉ።"

"እንግዲያው ሳያዩ ይሂዱ።"

"ዓሣ ካላዩ ጣቢያውን ይዘጉታል፣ እኔም ከሥራ እወጣለሁ" አልኳቸው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔው የፈጠርኩት ነው። መረቡን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "መለኪያህን አይተኸዋል? እላይ ጉብታው ላይ ነፋሱ እንዴት ነው?" አሉኝ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ነፋስ ሰው ጠየቁ፤ የጠየቁትም ስላመኑኝ ነው። እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወዲህ ሣጥኑ ጋ አልደረስኩም።

"አይቻለሁ፤ የዛሬው ያን ያህል አይደለም" አልኩ።

"እንግዲህ አንተ ካልክ" ብለው ተነሡ፤ መቅዘፊያቸውን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ወጡ። እኔም ለእንግዶቹ ምሥራች ልነግር ሄድኩ።

ታንኳዋ ከዳር ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደራቀች ነፋሱ በበሩ ገባ። ከላይ ሆኖ ሲመጣ ይታያል፤ ውሃው ከምሥራቅ እየጠቆረ ወደ እኛ መጣ። ጋሽ ይመር አይተውት ታንኳዋን ወደ ዳር መለሱ፤ ገደሉ የመለሰው ነፋስ ግን ከሌላ ጎን አገኛቸው። ስምንት ቀን በረዶ ሲይዘውና ሲለቀው የሰነበተው የጓሳ ገመድ ተበጠሰ፣ ፊላው እንደ ነዶ ተበተነ። ወደቁ። በርኖሳቸው ውሃ ጠጥቶ ይጎትታቸዋል፤ አንድ እስር ፊላ ታቅፈው አንገታቸው ብቻ ይታያል። እንግዶቹ ይጮኻሉ። እኔ መዋኘት አልችልም፤ እንግዶቹም፣ ሾፌሩም አይችሉም። ጌጤ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። እንስራዋን አስቀመጠች። የመረቡን ገመድ ከእንጨቱ ላይ ፈትታ ወገቧ ላይ አሠረች፣ ጫፉን እጄ ላይ አስያዘችኝና፣ "እንዳይለቁኝ" አለችኝ። እየሰበረች ገባች፤ ከዳሩ የቀረ በረዶ ነበር። እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ ደረቷ። ነፋሱ ፊላውን ወደ እሷ ገፋላት። የአባቷን አንገትጌ በያዘች ጊዜ እኔና ሾፌሩ ሳብን። መዳፌን ገመዱ ልጦታል፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ከእንግዶቹ አንዱ ካፖርቱን አውልቆ ለጌጤ አለበሳት። ጋሽ ይመርን ተሸክመን ቤታቸው አገባን። እትዬ አስካለ ኩበቱን አነደዱ፣ ባናውን ሁሉ ደረቡባቸው፣ የገብስ አጥሚት በማንኪያ አጠጧቸው። ጥርሳቸው ሲጋጭ ከውጭ ይሰማል። እኔ ቤቱ ውስጥ መቆም አልቻልኩም። ዘጠኝ ሰዓት ስለደረሰ ሥራዬን ልሠራ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። መዝገቡን ከፍቼ፣ "እስከ ስምንት ሰዓት ጸጥታ፤ ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ነፋስ" ብዬ ጻፍኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ስለ አደጋው ሲጠይቅም፣ ዓሣ አጥማጁ የገቡት በራሳቸው ፈቃድ ነው፣ ነፋሱም ምልክት አልነበረውም ብዬ መለስኩ። በሁለቱ ዓመታት ከጻፍኩት ሁሉ ውሸት የሆነው ይህ ብቻ ነው። በአራተኛው ወር ቋሚ ሆንኩና ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ።

ጋሽ ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረታቸው አልዳነም። ልሰናበታቸው ስሄድ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። "ብርዱን ለማን ትተህ ነው የምትሄደው?" ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ልነግራቸው ፈልጌ ነበር ማለት አልችልም። ቶሎ መሄድ ነው የፈለግሁት። በዓመቱ ክረምት ማረፋቸውን ከአንድ መንገደኛ ሰማሁ፤ ለቀብር አልሄድኩም፣ ለለቅሶም አልሄድኩም። ሥራ በዝቶ ነበር። ሥራ ሁልጊዜ ይበዛል።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጌጤ ያቀረበችልኝ ዓሣ ፊቴ እየቀዘቀዘ ነው። "ምነው፣ አይበሉም?" አለች። ዳሷ ፈዘዝ ብላለች፤ ሾፌሮቹ ሄደዋል። ነገርኳት። ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ ይህን ያህል ዓመት የቆየ ነገር ሲናገሩት እንዲህ አጭር መሆኑ ገረመኝ። ጣቢያው ይዘጋል ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ መለኪያውን ሳላይ አይቻለሁ ማለቴን፣ መዝገቡን። ጌጤ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ከዚያ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።

"እኔ ለልጆቼ ገመዱን የያዘው ሰው እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው" አለች።

 የቀዘቀዘውን ዓሣ ወደ ጎን ገፋሁት።

"እማማ በሕይወት አለች" አለች። "እዚህ ከኋላ ነን ያለነው። ከአባባ በኋላ ወደዚህ አመጣኋት። እኔ ሳይሆን እሷ ናት መስማት ያለባት።"

"ለምን እሳቸው?"

"አባባ መቅዘፊያ ሊወስድ ቤት የገባ ጊዜ፣ 'እንግዳ መጥቶ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው? ምን ዓይነት ባል ነህ?' ብላው ነበር። ሳይመልስላት ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች። ሊገባ ቃል ሰጥቶ መምጣቱን አልነገራት። ለማንም አልተናገረም።"

ያን ጊዜ ነው የሚኒባሱ ረዳት መጥቶ መኪናው ተሠርቷል፣ ልንሄድ ነው ያለኝ። ሂዱ አልኩት። "የከፈሉት አይመለስም" አለኝ። እሺ አልኩት።

እማማ አስካለ በር ላይ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዘጠና ሊሞላቸው ይሆናል። ፊታቸው ትንሽ ሆኗል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው፤ ገና ሳልቀርብ "ብርድ ጸሐፊው" አሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ጆሯቸው ግን ከብዷል። ቀስ ብዬ ስጀምር እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ "ጮክ በል" አሉ። ጮክ አልኩ። "አልሰማሁም" አሉ። ስለዚህ ለአርባ ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ነገር፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እስኪያይ፣ ዳሷ ውስጥ የቀሩት ደንበኞች ወጥተው እስኪቆሙ ድረስ ጮኼ ተናገርኩ። "እኔ ነኝ እንዲገቡ የለመንኳቸው! እርስዎ ከመናገርዎ በፊት እሺ ብለውኝ ነበር! ነፋስ የለም ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ሳላይ!" ሁለት ጊዜ ደገምኩት። በሁለተኛው ሰሙኝ።

እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ከዚያ ጠየቁኝ።

"እሺ ብሎህ ነው ወደ ቤት የመጣው?"

"አዎ። መቅዘፊያውን ሊወስዱ።"

"ቆርጦ ነው የመጣው?"

"ቆርጠው።"

"እኔ ያልኩት ያስገባው መስሎኝ" አሉና እጃቸውን ተመለከቱ። አላለቀሱም፤ እኔንም አልረገሙኝም። ለጌጤ፣ "የንስሐ አባቴ እግዜር ይማራቸው፣ ለዚህ ነገር አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ" አሏት፤ ወደ እኔ ዞረውም ነገሩን ቀጠሉ። ስግደቱ ለአንድ ጊዜ ነበር የታዘዘላቸው። እሳቸው ግን አልበቃ ብሏቸው በየታኅሣሡ፣ ያ ቀን በዞረ ቁጥር፣ ይሰግዱ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ያልሰገዱት ይቆጫቸዋል።

"የእኔ አልነበረም ማለት ነው" አሉ። "አንተ ጉልበት አለህ?"

"ያመኛል፣ ግን አለ።"

"እንግዲያው ስገድ።"

"አሁን?"

"መቼ ነው ታዲያ?"

ካፖርቴን አወለቅሁ። ጌጤ መሬቱ ላይ ቁርበት ዘረጋችልኝና ከበሩ ላይ ቆመች። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጀመርኩ። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ሰግጄ አላውቅም። እማማ አስካለ በጣታቸው መገጣጠሚያ ይቆጥራሉ፣ በየስግደቱ "አቤቱ ማረን" ይላሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ። አሥር ላይ ሞቀኝ። ሃያ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ይጮህ ጀመር፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሠላሳ ላይ ግንባሬን ቁርበቱ ላይ እንዳደረግሁ መነሣት አቃተኝ። ትንፋሼ ተቆራረጠ። ጌጤ ከበሩ፣ "እማማ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ይበቃዋል" አለች።

እማማ አስካለ መስማታቸውን አላውቅም። ጥቂት ጠበቁኝ። እጄን መሬት ላይ አስደግፌ፣ አንዱን እግሬን አስቀድሜ፣ ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።

"ሠላሳ አንድ" አሉ።